ውሉ የጠፋበት የገና መብራት፦ መፍታት፣ መጠገን ወይስ አዲስ መግዛት?

ታህሳስ ሲጋመስ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ፌስታል ይወርዳል። ውስጡ የገና መብራት አለ። አምና ጥምቀት እንዳለፈ በጥድፊያ ጠቅልለን የወረወርነው ነው። ዘንድሮ ስናወጣው ስፒናው የት እንደገባ አይታወቅም። ጫፉም የለም። ሽቦው እርስ በርሱ ተተብትቦ ድቡልቡል ሆኗል። ልጆቹ ደግሞ "መቼ ነው የሚበራው?" እያሉ ዙሪያችንን ይዞራሉ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ባቡር ተሳፍሮ አውቶቡስ ተራ የወረደ ሰው መርካቶ ደረሰ ማለት ነው። አዲስ መብራት ሩቅ አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል ጎረቤቶቼ ፌስታሉን ሲያዩ "ምን አደከመሽ፣ ጣይውና አዲስ ግዢ" የሚሉኝ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጣለው መብራት ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው። መቼ መፍታት፣ መቼ መጠገን፣ መቼ ደግሞ ሳያመነቱ መጣል እንደሚሻል በእጄ ሞክሬ ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

ሰክቶ ማየት ይቅደም ወይስ መፍታት?

አንዱ ወገን "መጀመሪያ ፍታው፣ ከዚያ ሰካው" ይላል። ሌላው "ለሞተ መብራት ምን አደከመኝ" ብሎ አስቀድሞ ይሰካል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ግን በልክ። ከመሰካታችሁ በፊት ሽቦውን በደንብ እዩት። ላስቲኩ የተላጠ፣ አይጥ ያኘከው ወይም አምፑሉ ተሰብሮ መዳብ የሚታይበት ቦታ ካለ አትሰኩት። ደህና ከሆነ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ባዶ ወለል ላይ አስቀምጡትና ለአስር ሰከንድ ያህል ሰክታችሁ ንቀሉት። የድሮው ባለ ክር አምፑል እንደተጠቀለለ ብዙ ከበራ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ኤልኢዲ ብዙ አይሞቅም፤ ለእሱም ቢሆን አስር ሰከንድ ይበቃል።

ሁሉም ከበራ ሌላ ጥያቄ የለም፤ መፍታት ነው። ግማሹ በርቶ ግማሹ ከጨለመ፣ ጨለማው የሚጀምርባትን አምፑል ፈልጋችሁ ቁራጭ ናስትሮ ለጥፉባት። በኋላ ሲፈታ ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ ለመጣል አትቸኩሉ። ዲቫይደሩን ቀይራችሁ፣ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሞክሩት። አንዳንዱ ስፒና ውስጥ የጣት ጥፍር የማታክል ፊውዝ አለች፤ የተቃጠለችው እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። "እያየሁት ልፍታው" ብላችሁ ተሰክቶ ሳለ አትፍቱት። ስንፈታ ሽቦ እንስባለን፣ አምፑል ከመቀመጫው ይነቀላል፣ ጣታችን ባዶው ቦታ ላይ ያርፋል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው።

ውሉን መፈለግ

እናቴ ፈታይ ነበረች። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ልቃቂቷን ስጫወትበት ውሉን አጠፋሁባት። ደንግጬ ያገኘሁትን ጫፍ ይዤ ስጎትት ጭራሽ አጠበቅኩት። አልተቆጣችኝም። ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ እንደ ጥጥ ወደ ጎንና ወደ ጎን ዘርጋ ዘርጋ አደረገችው። ምንም አልፈታችም፤ ማላላት ብቻ። መሐሉ ሲሳሳ ክሩ በክፍተቱ ውስጥ መታየት ጀመረ። "ውሉን ይዘሽ አትጎትቺ ልጄ፤ መጀመሪያ አላሊው፣ ራሱ ይወጣል" አለችኝ። ያቺ ትምህርት ለገና መብራትም ትሠራለች፤ እንዲያውም ለመብራት ትብሳለች። ክር ሲጎተት ቢጠብቅ ነው፤ ሽቦ ሲጎተት ግን ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። ከውጭ አይታይም። የሚታወቀው ሲሰካ ነው።

ስለዚህ በመጎተትና በማላላት መካከል ምርጫ የለም፤ ማላላት ነው። ምርጫ ያለው ከየትኛው ጫፍ እንጀምር የሚለው ላይ ነው። ብዙ ሰው ስፒናውን ይፈልጋል፤ ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይገኛላ። ግን ስፒናውና አጠገቡ ያለችው የብልጭ ድርግም ሳጥን በጠባብ ቀለበት ውስጥ አያልፉም። እያንዳንዱን ቋጠሮ እነሱ እስኪያልፉ ድረስ ማስፋት ሊኖርባችሁ ነው። ቀጭኑ ጫፍ፣ ስፒና የሌለው፣ በሁሉም ቀዳዳ ያልፋል። እኔ ስፒናውን ፈልጌ ወንበር እግር ላይ አስራለሁ፤ እሱ እዚያው ይቀመጣል። ከዚያ ጅራቱን ይዤ እሠራለሁ። መብራቱ ጫፉ ላይ ሌላ የሚሰካበት ሶኬት ያለው ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ጫፍ ወፍራም ነው፤ ያኔ አነስ ያለውን መምረጥ ነው።

የተፈታውስ የት ይሂድ? ወለል ላይ ከተተወ ልጆቹ ሲያልፉ እንደገና ይተበተባል። ሁለት መንገድ ሞክሬያለሁ። አንዱ የተፈታውን ወዲያው ካርቶን ላይ መጠቅለል ነው። ንጹሕ ነው፤ ግን እጅ ሁሉ በካርቶኑ ይያዛል። ሌላው በረንዳ ላይ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። አንድ ክንድ ያህል በተፈታ ቁጥር አንስቶ በልብስ መቆንጠጫ ማንጠልጠል። ለረጅም መብራት ይሄኛው በጣም ይሻላል። ሽቦው በራሱ ክብደት ተንጠልጥሎ ጠመዝማዛው ይላቀቃል፤ የላላ አምፑል ካለም ፊት ለፊት ይታያል። ሰው ካለ ደግሞ ለሁለት መሥራት ነው። አንዱ ያላላል፣ አንዱ ይሰቅላል። የሰባት ዓመት ልጅ መቆንጠጫውን በደንብ ይችላል፤ ኩራቱን ብታዩት።

አንድ ዓይነት መብራት ግን ለዚህ ሁሉ አይመችም። ያ ላስቲክ የሌለው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ላይ ነጠብጣብ የምታክል ኤልኢዲ የተሰካችበት ነው። ይሄ ሲታጠፍ እንደታጠፈ ይቀራል። ቋጠሮው ጠብቆ ከታጠፈ ለማቅናት ሲሞከር ይሰበራል። አሥር ደቂቃ ሞክሩ፤ ካልሆነ እንደተጠላለፈ አንድ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ክተቱትና አብሩት። ቡፌ ላይ ሲቀመጥ እንዲያውም ያምራል።

ግማሹ ሲጨልም

ይሄ ክፍል የሚመለከተው ባለ ክር አምፑሎችን ነው፤ አምፑላቸው ከመቀመጫው የሚነቀለውን። እነዚህ በተርታ የተያያዙ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ አልፎ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል፤ 220 ቮልቱንም ይካፈሉታል። 20 አምፑል በአንድ ተርታ ካለ ለእያንዳንዱ 11 ቮልት ይደርሰዋል፤ 100 ከሆኑ 2.2 ቮልት። ለዚህ ነው የአንዱ መብራት አምፑል ለሌላው የማይሆነው። መልኩ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ የሚችለው ቮልት ይለያያል።

ሰው ሁሉ "አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋል" ይላል። በተርታው ሕግ እውነት ነው። ሆኖም በአብዛኞቹ አምፑሎች እግር ላይ የተጠመጠመች ቀጭን ሽቦ አለች፤ ዋናው ክር ሲበጠስ ኤሌክትሪኩ በእሷ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የተቃጠለች አምፑል ራሷ ብቻ ትጨልማለች፤ ሌሎቹ ይበራሉ። አንድ ወጥ ክፍል ከነጭራሹ ከጠፋ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የተቃጠለ ሳይሆን የላላ አምፑል ነው። ስንፈታው ከመቀመጫው ትንሽ የወጣ። ስፒናውን ንቀሉ፤ ናስትሮ ከለጠፋችሁበት ጀምሩና አንድ በአንድ በአውራ ጣት ጫን ጫን በሉ። አምና 50 አምፑል የጨለመበት መብራት ነበረኝ። 37ኛዋ ላይ "ቀጭ" የምትል ድምፅ ሰማሁ። ሰካሁት፤ በራ። ያንን መብራት በማግሥቱ ልጥለው ነበር።

መጫን ካልሠራ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ጤነኛ መሆኗን የምታውቋትን አምፑል ይዞ በየመቀመጫው እየቀያየሩ መሞከር ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ሳይነካ የሚጮኸው ቴስተር ነው። መብራቱ ተሰክቶ ሳለ ቴስተሩን በሽቦው ላይ ስታንሸራትቱት ኤሌክትሪክ እስካለበት ይጮኻል፤ ዝም ያለበት ቦታ አጠገብ ያለችው አምፑል ናት ጥፋተኛዋ። ከመጀመሪያው ጭራሽ ካልጮኸ ስፒናውን ገልብጣችሁ ሰኩ፤ የእኛ ክብ እግር ስፒና በሁለቱም በኩል ስለሚገባ ኤሌክትሪኩ ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል። ቤት ውስጥ ቴስተር ካለ ይሄ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ለገና ብቻ ብሎ መግዛት ግን አያስፈልግም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ነገር የሚነካካ ጎረቤት አይጠፋም።

የጨለሙትን ነጠላ አምፑሎች "ሌላው እየበራ ነው" ብላችሁ አትተዉአቸው። አንዷ በጨለመች ቁጥር የእሷ ድርሻ ለቀሩት ይከፋፈላል። እነሱ ከልክ በላይ ደምቀው፣ ከልክ በላይ ሞቀው፣ ተራ በተራ ይከተሏታል። ትርፍ አምፑል ካርቶኑ ውስጥ ከነበረ ዛሬ ተኩ። ከሌለ፣ ከሌላ አሮጌ መብራት ላይ ተመሳሳይ አምፑል ይነቀላል። እሱም ከሌለ፣ የጨለሙትም ከአምስት ስድስት ካለፉ፣ ያኔ ጎረቤቶቼ ልክ ናቸው፤ አዲስ ግዙ።

ኤልኢዲ ሆኖ ግማሹ ሲጨልም ነገሩ ይለያል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ኤልኢዲ አምፑሉ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ የታሸገ ነው፤ አይነቀልም። መቁረጥና መቀጠል የሚችል ሰው አለ፤ ግን 220 ቮልት በሚሄድበትና ልጆች በሚነኩት ሽቦ ላይ የናስትሮ መገጣጠሚያ አልወድም። የብልጭ ድርግም ሳጥኗ ብቻ ከተበላሸች ጠጋኝ ሊቀይራት ይችላል። ከዚያ ውጭ የጨለመ ኤልኢዲ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

አዲስ ከሆነስ የትኛው?

ባለ ክር አምፑሉን ከኤልኢዲ ጋር ሰዎች የሚያወዳድሩት በመብራት ቆጣሪ ነው። እስቲ እናስላው። 100 ባለ ክር አምፑል 40 ዋት ገደማ ይስባል፤ 100 ኤልኢዲ 5 ዋት ገደማ። ከፈረንጆቹ ገና፣ ከታህሳስ 16፣ እስከ ጥምቀት ድረስ 25 ቀን በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበሩ የመጀመሪያው 5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ይበላል። የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ለቆጣሪ ብሎ መብራት መምረጥ ብዙም ዋጋ የለውም።

ዋናው ልዩነት ሙቀቱ ነው። እኛ ቤት ዛፉ ከመጋረጃው አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ሌላ ቦታ የለውም። የጥድ ቅርንጫፍ ገዝቶ የሚያቆም ሰው ደግሞ በሳምንት ውስጥ ምን ያህል እንደሚደርቅ ያውቃል። የደረቀ ጥድ ለእሳት ምን እንደሆነ ለሐበሻ አይነገርም። ስለዚህ ዛፉ እውነተኛ ጥድ ከሆነ ኤልኢዲ ብቻ፤ በዚህ አልደራደርም። የፕላስቲክ ዛፍ ሆኖ ከመጋረጃና ከሶፋ ራቅ ካለ፣ እናንተም ቤት ውስጥ ሆናችሁ የምታበሩት ከሆነ የድሮው አምፑል ይሆናል። ብርሃኑ እንደ ጧፍ ሞቅ ያለ ነው፤ ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። አዲስ ገዝቼ ግን አልጀምረውም። ኤልኢዲ ሲገዛ "ዋርም" የተባለውን ቢጫ ነጭ ብትመርጡ ለዚያ ብርሃን ይቀርባል። ሰማያዊ ያዘለው ነጭ ሳሎንን ክሊኒክ ያስመስላል።

በባትሪና በዩኤስቢ የሚሠሩትን የምመርጠው ለሁለት ነገር ነው፤ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚሄድበት ሰፈርና ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት። 5 ቮልት ልጅን አይጎዳም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ድንጋይ እየገዙ መኖር ስለሚሆን አይመችም። የዩኤስቢው ይሻላል፤ 10,000 ሚሊአምፕ ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ባለ 3 ዋቱን መብራት አንድ ምሽት በደንብ ያበራል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚሳብበት ትንሽ ሲሆን "ማንም የለም" ብሎ ራሱን ያጠፋል። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ላይ ለአምስት ደቂቃ ሞክሩት።

የሶላሩ ለበረንዳ ነው። ታህሳስ በጋ ነው፣ ፀሐይ አለ። ነገር ግን በረንዳችሁ ወደ ግቢው ውስጥ የሚያይና ጥላ የሆነ ከሆነ ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደበዝዛል። በረንዳ ላይ ባለ ስፒናውን የምትሰቅሉ ከሆነ ካርቶኑ ላይ አይፒ 44 (IP44፣ ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ፈልጉ። ዝናብ ባይኖር የሌሊት ጤዛ አለ።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ለአንድ ሜትር ተኩል ዛፍ ከ200 እስከ 300 ኤልኢዲ ይበቃል። ቁመቱ አንድ ሜትር ለሆነ ዛፍ 100 ብቻውን አያሳፍርም።

ከአሜሪካ የመጣው

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤት እንዳለ የማላውቀው ግን በየዘመድ ቤት የማየው አንድ መብራት አለ። አክስት ወይም ወንድም ከአሜሪካ በሻንጣ የላከው። ስፒናው ሁለት ጠፍጣፋ እግር አለው። የእኛም ነበረን። አክስቴ የላከችው ነው፤ ካርቶኑ ላይ የበረዶ ቤት ሥዕል ነበረው። ከሰፈር ሱቅ አዳፕተር ገዛሁና ሰካሁት። ለአንድ አፍታ ሳሎኑ በሙሉ ነጭ ሆነ፣ ዓይን የሚያስጨፍን ነጭ። ከዚያ ድርግም። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ብቻ ቀረ። ልጄ "እንደገና አድርጊው" አለችኝ።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። አዳፕተር የእግሩን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። እንዲህ ያለ መብራት ካላችሁ ምርጫው ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ስፒናው ላይ "100-240" የሚል ከተጻፈበት እንደልብ ይሰካል። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ከሌላችሁ አትንኩት። ትራንስፎርመር ለገና ብሎ መግዛት ከአዲስ መብራት ይወደዳል። እዚህ ገበያ ላይም ቢሆን ይህን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ፤ ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ስፒናው ወይም ሳጥኗ ላይ ያለውን።

እንዲህም ሆኖ መብራት ሲሄድ የገናውን ንቀሉት። ሲመለስ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ይመጣና ሳጥኗን ያቃጥላታል። ፍሪጁን የሚነቅል ሰው ይሄን ይረሳል።

ስታወርዱት

የዘንድሮውን ድካም ያመጣው የአምናው ፌስታል ነው። ስለዚህ ከጥምቀት ማግሥት የምታደርጉትን አሁኑኑ አስቡት። በክንድና በክርን ዙሪያ መጠቅለል ፈጣን ነው፤ ግን በእያንዳንዱ ዙር ሽቦው ላይ ጠመዝማዛ ይጨመራል፣ ከክንድ ሲወጣ ያ ጠመዝማዛ ቋጠሮ ይሆናል። ባዶ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ለአጭር መብራት ጥሩ ነው፤ ስፒናውን በአንገቱ በኩል በላስቲክ ማሰር ይቻላል። ለ100 አምፑልና ከዚያ በላይ ግን ካርቶን ይበልጣል። ከጫማ ካርቶን ክዳን ላይ መጽሐፍ የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። በሁለቱ ጫፍ በመቀስ ጠለቅ ያለ ስንጥቅ አብጁ። ጅራቱን መጀመሪያ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ሽቦውን ዙሪያውን ከመጠምጠም ይልቅ ካርቶኑን አዙሩት። ስፒናው መጨረሻ ላይ፣ ከላይ ይቀራል።

ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ስንት አምፑል እንደሆነ፣ ስንት እንደጨለሙና የትኛው ሶኬት ድረስ እንደሚደርስ ጻፉ። ትርፍ አምፑሎቹን በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ እዚያው ላይ በናስትሮ ለጥፏቸው። የእኛ ካርቶን ላይ "100፣ ዋርም፣ 2 ጨልመዋል፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይደርሳል" ይላል። የልጄ ጽሕፈት ነው።